እናቴ የለየቻቸው ፎቶዎች

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት የሶፋው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ። ከጎኗ ጎረቤታችን፣ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ዝናቡ ሲጀምር ያለ ጃንጥላ ሮጣ የገባች። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከገጠር፣ ከኮንጋ፣ በሞተር መጥቶ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ከእናቴ ፊት ለፊት በካልሲ የተቀመጠ። ታላቅ እህቴ፣ መሬት ላይ፣ ከከሰል ምድጃው ፊት ለፊት። የኋላ ክፍላችንን የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ፤ ቁጭ በል ስንለው "ልሄድ ነው" እያለ ያልሄደ። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ፣ ስልኬን ይዤ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለዚያ ከሰዓት ለመናገር ግን ከፎቶዎቹ መጀመር አለብኝ፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት የእናቴ ዓይን የሚለካው በእነሱ ነበር። እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ቀስ በቀስ እንደዚያ ሆነ።

የምሠራው እዚሁ ዲላ፣ መናኸሪያው አካባቢ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጉርድ ፎቶ ሕግ አለው። ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ትከሻ እኩል ይሁን፣ ከጀርባ ያለው ጨርቅ አይጨማደድ፣ ፊት ላይ ጥላ አይውደቅ። ቀኑን ሙሉ "ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ፣ አትሳቅ" ስል እውላለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ማሽኖቹን ብቻ ነው። እያበላሸሁ ለመድኩት። እቤት ስገባ ግን የማንንም ፊት ማየት አያሰኘኝም ነበር። ስለዚህ ዕቃ ማንሳት ጀመርኩ። ዕቃውን በሙሉ አይደለም። ጠርዙን፣ ስንጥቁን፣ የተላጠ ቀለሙን ብቻ፣ ፎቶውን ያየ ሰው ምን እንደሆነ እንዳይገባው አድርጌ።

ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ያወጣኋት የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሌንስ አለችኝ። በእህቴ የፀጉር ሽቦ አጣብቄ ስልኬ ካሜራ ላይ እገጥማታለሁ። በእሷ ሲያዩ የወንፊት ሽቦ የእግር ኳስ መረብ ያህላል። ችግሩ ዕቃው ጣት በማይገባበት ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ትንፋሽ ከተነፈሱ ምስሉ ይጠፋል። ሌላው ችግር ብርሃኑ ነው። ሳሎናችን ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ወደ ጓሮ ወደ እንሰቱ ያያል። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በእንሰቱ ቅጠል ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ አረንጓዴ ነው፤ ነጭ ሳህን የታመመ ሰው ፊት ያስመስለዋል። አንሶላ ከውጭ አንጠልጥዬ ነው ያስተካከልኩት። ለጀርባ የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ከእህቴ ቁም ሳጥን ተገኘ።

"ጉርድ ቀሚሴን አምጣ! ዛሬ ደግሞ ምን ልታለብስበት ነው?"

"ማንቆርቆሪያ።"

"ማንቆርቆሪያው ከእኔ በላይ ለበሰ በዚህ ቤት።"

የጀሪካን ቂጥ አነሳሁ፣ ከኋላው ብርሃን ገብቶበት። ሳፋ ውስጥ የቀረ የሳሙና አረፋ። የታጠፈ አጎበር። የፔርሙዝ ክዳን ውስጥ ያለውን የሻይ ቀለበት። መጥረጊያ፣ ጫፉ ወደ ሌንሱ ተገትሮ። ብዙዎቹ አይረቡም ነበር፤ አጥፍቼያቸዋለሁ። የረኩባቸውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

እናቴ መጀመሪያ የለየችው የማንቆርቆሪያውን አፍ ነው። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስልኩን ለእህቴ ሳሳይ በትከሻዋ በኩል አየችና፣

"ይሄማ ማንቆርቆሪያው ነው። አፉ ጋ። ወድቆ የተጨረመተበት ቦታ" አለች።

እኔ ራሴ መጨርመቱን ልብ አላልኩትም ነበር። ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሆነ። ከሥራ ስመለስ "ዛሬ ምን ደበቅህ?" ትለኛለች። ስልኩን እሰጣታለሁ፤ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ድረስ ታመጣዋለች።  ከዚያ ትናገራለች። ወንፊቱን ከነተቀደደበት በኩል ለየችው። አጎበሩን "የኔ አልጋ እንጂ የአንተ አይደለም፤ የአንተ እንዲህ አልነጣም" አለችኝ። እህቴ አንዱንም አግኝታ አታውቅም። ተማሪው በእንግሊዝኛ ስም ይሰጣቸውና ይስቃል። አጎቴ ለገበያ ይርጋጨፌ ወጥቶ በዚያው ወደ እኛ ሲያልፍ አንዱን አሳየሁትና በሬ ነው አለ። የሳሙና አረፋ ነበር።

"ይሄ ልጅ ሰው አያነሳም እንዴ?" አለ አጎቴ። "አገሩ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው ይለዋል፣ እሱ ድስት ላይ ተደፍቶ ይውላል።"

"ሰውማ ቀኑን ሙሉ ያነሳል" አለች እናቴ። "ድስቱ ቢያንስ አፈር አስመሰልከኝ ብሎ አይጣላውም።"

በዚያው ጊዜ እናቴ ዕቃ መምታት ጀምራ ነበር። ፔርሙዙን በክንዷ ጣለችው። የጓዳው መቃን ትከሻዋን ይመታታል፤ ሁልጊዜ ያው ትከሻ። ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው ቀኝ ከሆነ በትክክል ትሞላለች፤ ግራ ያለውን ትረሳዋለች። እኛ ቤቱ ጨለማ ነው እንል ነበር፤ እውነትም ጨለማ ነው። ዕድሜም ነው አልን። ችኮላም ነው አልን።

ነገሩ ከቤት የወጣው በጎረቤታችን በኩል ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሱቁ ፊት ለፊት ታልፋለች። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታነሳለች፤ እናቴ ዝም ብላ ታልፋለች። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። ሲደጋገም ግን ከባድ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ተጣልቶም ሰላምታ አይከለክልም። ሴትየዋ አባታችን የሞተ ጊዜ ሱቋን ዘግታ አብራን የከረመች ናት። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"እትዬ፣ ምን በደልኩሽ? ወላሂ አልተኛሁም። ምን ሰማሽ? ማን ምን አለሽ?"

እናቴ ደነገጠች። "እኔ አንቺን? መቼ?"

"ትናንት። ከትናንት ወዲያ። እጄን አንስቼ እንደ ሐውልት ቀረሁ እኮ! ደንበኛ ሁሉ አየኝ።"

"አላየሁሽማ።"

"እንዴት አታዪኝም? አጠገቤ አለፍሽ፤ ቀሚስሽ ነካኝ። ዓይንሽን አሞሻል?"

እዚህ ላይ እናቴ ተቆጣች። አርጅታ ዓይኗ እንደደከመ መነገሩን አልወደደችውም። "ዓይኔን? ዓይኔንማ ከፈለግሽ እንሞክር" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አምጣ እስኪ የዛሬውን።"

የዛሬው የብርድ ልብስ ጠርዝ ነበር፤ የተተረተረ ክር፣ ከጎን በመጣ ብርሃን፣ ሣር መስሎ። ጎረቤታችን ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች፣ ገለበጠች።

"ይሄ የፍየል ጢም ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ተቀበለቻት፤ ፊቷ ፊት ለፊት ያዘችው፤ ጊዜ አልፈጀባትም። "የብርድ ልብሴ ጫፍ ነው። ግራጫው። እግር በኩል።"

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። "ታዲያ ይህን ያየ ዓይን እኔን እንዴት ሳተኝ? ያውም ከዚህ ውፍረት ጋር!"

ሳቁ ጠቡን አበረደው። ሴትየዋ ሻይ ጠጥታ ሄደች። ለእኛም ያ በቂ ማስረጃ ነበር፤ የክር ጫፍ የሚያይ ሰው ዓይኑ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃ ስትመታ "እማ፣ ሐሳብሽ የት ነው?" እንላት ነበር እንጂ ዓይንሽ አላልናትም። እሷም ራሷ አምናለች። ሐሳቤ ነው የት እንደሚሄድ ያልገባኝ ትል ነበር።

በኋላ መንገድ ስታቋርጥ ባጃጅ በግራ በኩል ገፋት። ከባድ አልነበረም፤ እጇን ወለም አላት፤ ጉልበቷ ተላጠ። ልጁ ባጃጁን አቁሞ እየጮኸ ነበር፤ "ክላክስ አደረግኩ እኮ! እያየችኝ ነው የገባችብኝ!" እጇን ልናሳይ ሆስፒታል ወሰድናት። እጇን ያሰረላት ነርስ ነው መጀመሪያ የጠረጠረው። ፋሻውን ከጎን ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። ሁለት ጊዜ አቀበላት። ከዚያ ሐዋሳ ወዳለ የዓይን ሐኪም ተላክን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። አንድ ዓይኗን በእጇ አስሸፍኖ "አፍንጫዬን ብቻ ይዩ እናቴ" አላትና ጣቱን ከጎን እያወዛወዘ ወደ መሐል አመጣው። "ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ።" ጣቱ ከጆሮዋ አለፈ፣ ከቅንድቧ ጫፍ አለፈ፣ አፍንጫው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው "አሁን" አለች። በሌላውም በኩል እንደዚያው። ከላይም ከታችም እንደዚያው። እኔና እህቴ ቆመን እያየን ነው። ከዚያ በመሣሪያው ሲያያት ቆየ።

"ለምን ቆያችሁ?" አለን።

እህቴ ናት የመለሰችው። "ዶክተር፣ እሷ እኮ ታያለች። ከእኛ የበለጠ ታያለች።" ስልኬን ከእጄ ቀማችና አንዱን ፎቶ አሳየችው። እሱ አልለየውም። እናቴ ለየችው። የክዳን ጠርዝ ነበር።

ሐኪሙ አልሳቀም። የተላክንበትን ወረቀት አንስቶ እንደ ቱቦ ጠቀለለና ለእኔ ሰጠኝ። "በዚህ ስልክህን ተመልከት።"

ተመለከትኩ። ስልኩ በሙሉ ታየኝ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ምንም ሳይጎድል። "አሁን እሷን ፈልጋት" አለኝ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ እናቴ በክንድ ርቀት ላይ ናት። ግድግዳ አገኘሁ፣ የወንበር እግር አገኘሁ፣ እሷን ለማግኘት ቆየሁ።

በዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ከዳር ጀምሮ እንደበላው ነገረን። ሰው ራሱ አያውቀውም፤ አያምም፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆያል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፤ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱም ያለውን ያቆይ እንደሆነ እንጂ አይጨምርም አለ።

በሚኒባሱ ስንመለስ ይርጋለም መገንጠያ ስንደርስ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ "ታዲያ እነዚያን ሁሉ እንዴት አየኋቸው?" አለች። እህቴ መስኮቱን እያየች ታለቅስ ነበር። እኔ "ትንንሽ ስለነበሩ ነው እማ" አልኳት። 

ጠብታው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ዲላ ውስጥ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱም ጋ አይኖርም። ሲጠፋ ተማሪው ለጓደኞቹ ይደውላል፤ ሐዋሳ የሚመላለስ ሹፌር ይፈለጋል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ይጸልዩላት ነበር። ዓይኖቿ ላይ እጃቸውን ይጭናሉ፤ እሷም ፊቷን ትሰጣቸዋለች። ሲሄዱ "ዛሬ ቀለል አለኝ" ትላለች። ቀለል አላላትም፤ መቃኑ አሁን ሁለቱንም ትከሻዋን ነው የሚመታው።

ፎቶ ማንሳቱን ልተው አሰብኩ። የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ "ዛሬ የለህም?" እያለች። ስለዚህ ለቀረላት ቀዳዳ የሚሆን ማንሳት ጀመርኩ። ዝርዝር የሚበዛበትን ተውኩ። ጥቁር ላይ አንድ ነጭ መስመር፤ የሳህን ጠርዝ። ነጭ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ፤ የሚስማር ራስ። ጥላዎቹን አደመቅሁ፣ ግራጫውን አወጣሁ። ለራሴ ብቻ ባነሳሁባቸው ወራት እንደዚህ የጠሩ ፎቶዎች አልነበሩኝም። ሥራዬ እየተሻሻለ ነበር፤ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። እሷ ደግሞ እየዘገየች መጣች።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። "ከየት በኩል ነው ያነሳኸው?" "ዛሬ ጓዳ ገብተሃል አይደል?" መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሳህን ሲነካካ ሰምታ "ሳህን" ትላለች። አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ፣ ምንም ሳልነካ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ አነሳሁና አሳየኋት። ስልኩን ይዛ ቆየች።

"ዛሬ አላነሳህም እኮ" አለችኝ። "ባዶ ነው የሰጠኸኝ።"

"አዎ፣ ረሳሁ" አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሰጠን። ማክሰኞ ሐዋሳ እንድንደርስ ነበር። ቀኝ ዓይኗ ላይ ገና የቀረ ነገር አለ፣ ከቆየን ግን አይኖርም ብሏል። አጎቴ ሊወስዳት ነው እሑድ ከኮንጋ የመጣው። የቡናው እሸት ቀልቶ ለቀማ ሊጀመር ተቃርቦ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ማሳውን ጥሎ መምጣት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ግን አልሄድም ብላ ነበር። ዓይን ላይ ቢላ ማለት በሕልሟ እየመጣ ያስጮኻት ነበር። ስለዚህ ያ እሑድ የምክር ቀን ነው፤ ጎረቤታችንም ዝናቡ አጣድፎ አስገባት እንጂ ለዚሁ ልትመጣ አስባ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ተራ በተራ እየጮህን ለመንናት። አጎቴ በጌዴኦ ቋንቋ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ፣ ለተማሪውና ለጎረቤታችን ሲል። "እህቴ፣ እኔ እኮ ልሸጥሽ አይደለም የምወስድሽ! ሐኪም ጋ ነው!"

"አንተን ያርዱህ እስኪ መጀመሪያ።"

"እኔን ቢያርዱኝ ቡናውን ማን ይለቅማል? አንቺ ነሽ ትርፍ።"

"ማዘር፣ ማደንዘዣ አለው" አለ ተማሪው። "ምንም አይሰማዎትም።"

"የማይሰማኝ መሆኑ አይደል የሚያስፈራኝ።"

ጎረቤታችን እጇን ይዛ ታሻሻት ነበር። "ለእኔ ስትይ ሂጂ። ሰላም ልበልሽና ሰላም በይኝ።"

እህቴ ምድጃው ላይ የበቆሎ እሸት ልትጠብስ ከሰሉን እያራገበች ነው። የምትለውን ሁሉ ቀደም ሲል ብላ ጨርሳ ነበር።

እናቴ እጇን ከጎረቤታችን እጅ አላቀቀችና፣ "እንግዲህ እንዲህ እናድርግ" አለች። "ፎቶ አምጣ። ካወቅሁት ያው ይታየኛል ማለት ነው፤ አልሄድም፤ አትጨቅጭቁኝ። ካላወቅሁት ነገ ጠዋት ጫማዬን አድርጋችሁልኝ እሄዳለሁ።"

አጎቴ ጉልበቱን መታ። "ተስማማን!" ሳቀ፤ ምክንያቱም እንደማታውቀው እርግጠኛ ነበር። ሁላችንም እርግጠኛ ነበርን። እህቴ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ነቀነቀች፤ አድርገው ማለቷ ነው። ተማሪው "ዲል ነው ማዘር" አለ። ጎረቤታችን "ከባዱን ስጣት" ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። የዓይን ሐኪም ለቀናት የለፋበትን ነገር እኛ በአንድ ፎቶ ልንጨርሰው ነበር፤ ለምዶብን ነዋ።

ከባድ መረጥኩ። ጠዋት ያነሳሁት የክብሪት ጎን ነው፤ ያ ቡናማው፣ የሚጫርበት፣ በጭረት ብዛት የታረሰ ማሳ የመሰለ። ድፍን ያለ ነው፤ ነጭ መስመር የለበትም። ደህና ዓይን ያለውም አይለየውም። ከፍቼ ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አዘነበለችው። ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ከቆርቆሮው በቀር የሚሰማ አልነበረም። አጎቴ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ እህቴ እግሩን በማራገቢያው መታችው። እናቴ ቆየች። ከለመድነው እጅግ ረዝሞ ቆየች። ከዚያ፣

"ክብሪት ነው" አለች። "የክብሪት ጎን። የሚጫርበት።"

ተማሪው አጨበጨበ። ጎረቤታችን "አላህ!" ብላ አቀፈቻት። አጎቴ ተነሳና በካልሲው መሐል ሳሎን ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ጸሎት ተሰማ፣ ታየ፣ አላልኳችሁም ይል ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሊያስገድዳት የመጣ ሰው እሱ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ የተደሰተውም እሱ። እናቴ አልሳቀችም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው፤ እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ግራ። ስቀበላት ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ባትሪ እንዲቆጥብልኝ ቶሎ እንዲጠፋ አድርጌ ነው የማስተካክለው።

"በቃ" አለች። "ካወቅሁ አይቀር በዚህ ላብቃ። ከእንግዲህ አታሳየኝ።"

ማክሰኞ አልሄድንም። አጎቴ በማግስቱ ወደ ለቀማው ተመለሰ፤ "እህቴ እየተሻላት ነው" ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑም በዱመርሶ ላሉ ዘመዶቻችንም ተናግሯል። ጠብታው ቀጠለ፣ ሲገኝ። ለቀማው ተጠናቆ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ እናቴ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት አቆመች። ያኔ ወሰድናት። ሐኪሙ ባትሪውን ዓይኗ ላይ አበራና "ብርሃኑ ከየት በኩል ነው እናቴ?" አላት። "የትኛው ብርሃን?" አለችው። በሁለቱም ዓይኖቿ እንደዚያው። ከዚህ በኋላ ቀዶ ሕክምና የሚያቆየው ነገር የለም አለን። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ስለ መቅረታችንም አልወቀሰንም።

አሁን ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች። ዕቃ ካለበት እንዳይነሳ ተስማምተናል፤ እኔም የጀርባ ጨርቄን መልሼ ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ሥራ ቦታ "ቀና በል" ማለቴን አላቆምኩም። የቀሩትን ፎቶዎች አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ። ጥሩ ናቸው። የሚለያቸው ሰው ግን የለም፤ አንዳንዶቹን እኔም ራሴ ረስቻቸዋለሁ፣ ይህ የሳፋው ጠርዝ ይሁን የትሪው የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናቴን ስለ ክብሪቱ ጠይቄያታለሁ። "አየሁ ብዬሃለሁ፤ ምን ልትሠራበት ነው?" አለችኝ። 

ምን ልሠራበት እንደሆነ አላውቅም። ያን ዕለት በእውነት ካየችው፣ ሊቆይላት የሚችል ነገር በዓይኗ ነበር፣ እኛም አሳልፈነዋል። ካላየችው፣ ማክሰኞ ብንሄድም ያው ነበር። ሁለቱንም ተራ በተራ አምኜ ኖሬ አይቻለሁ፤ አንዱም አያስተኛም። ቢሆንም የቱ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የራሴ ትዝታ ደግሞ አይበቃኝም፤ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ የማየው የስልኩን ጀርባ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ንገሩኝ። እህቴ፣ አንቺ አሁን ይርጋጨፌ ነሽ፤ ስንገናኝ ይህን አንስተን አናውቅም። ከሰሉን ያቀጣጠልሽው በክብሪት ነው ወይስ ከጎረቤት ፍም አምጥተሽ? በክብሪት ከሆነ፣ የጫርሽው ስልኩን ከመስጠቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሽታው ሶፋው ድረስ ይደርስ ነበር? አጎቴ፣ አንተ ፊት ለፊቷ ነበርክ፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር ወይስ ወደ ምድጃው ዞሮ ነበር? ተማሪው፣ አሁን የት እንደምታስተምር አላውቅም፤ በሩ ጋ ቆመህ ከትከሻዋ በላይ ታየው ነበር፤ ስክሪኑ የጠፋው ከመናገሯ በፊት ነው ወይስ ከተናገረች በኋላ? እትዬ ጎረቤታችን፣ አንቺ ከጎኗ ነበርሽ። አልጠረጥርሽም፤ ግን ጆሮዋ ጋ የተነፈስሽው ቃል ካለ፣ ከርኅራኄም ቢሆን፣ ንገሪኝ። ካልነበረም አልነበረም በይኝ። አሳስቼ የማስታውሰው ነገር ካለም አርሙኝ፤ የተቀመጥንበትን ቦታ ጨምሮ።